የአጥንት ጥግግት ምርመራ፦ ከመሄዳችን በፊት ምን እንወቅ?

በቅርቡ አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የምርመራ ወረቀት ይዘው መጡ። ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርጉ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ስለተሰበረ፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወስደው አስመርምረዋቸዋል። ወረቀቱ «-2.7» ይላል። «ልጄ፣ አጥንትሽ ከዜሮ በታች ነው አሉኝ፤ አለቀልኝ ማለት ነው?» አሉኝ። ከድንጋጤያቸው የተነሣ ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ለዓመታት የሚወስዱትን ፕሬድኒሶሎን ሊተዉ ወስነው ነበር።

ምርመራው ምንድን ነው?
ዴክሳ ይባላል። በደካማ የራጅ ጨረር በአጥንት ውስጥ ያለውን የማዕድን መጠን ይለካል። በአብዛኛው የሚታዩት የታችኛው አከርካሪና ዳሌ ናቸው። ጨረሩ ከደረት ራጅ እንኳ ያነሰ ነው።

ለማን ያስፈልጋል?
65 ዓመት ለሞላቸው ሴቶች ይመከራል። ከዚያ በታች ሆነው የወር አበባቸው የተቋረጠ፣ በቀላል አወዳደቅ የተሰበሩ፣ በጣም የከሱ ወይም ፕሬድኒሶሎን ከሦስት ወር በላይ የወሰዱም ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ምን ይጠብቀናል?
በጀርባዎ ይተኛሉ፤ የመሣሪያው ክንድ ከላይዎ ቀስ ብሎ ያልፋል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አያምም። የሚበላ፣ የሚጠጣም ሆነ የሚወጋ ነገር ስለሌለው ጾመኛም ሊመረመር ይችላል። ዚፕ፣ ስፒልና ሌላ ብረት የሌለው ሰፊ ልብስ ከለበሱ አብዛኛውን ጊዜ ማውለቅ አያስፈልግም። ሴት ባለሙያ ከፈለጉ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። የካልሲየም ኪኒን ከ24 ሰዓት በፊት ያቁሙ። እርጉዝ ከሆኑ፣ ወይም በቅርቡ ለሌላ ምርመራ ባሪየም ጠጥተው ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። መሣሪያው በየከተማው ስለማይገኝ ከእምድብር ከመሳፈርዎ በፊት ደውለው መሥራቱንና ዋጋውን ያረጋግጡ።

ውጤቱ እንዴት ይነበባል?
ቲ-ስኮር የሚባለው ቁጥር የእርስዎን አጥንት ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ያነጻጽራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መሠረት -1 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ነው፤ በ-1 እና በ-2.5 መካከል ያለው ጥግግቱ የቀነሰ ነው፤ -2.5 እና ከዚያ በታች ደግሞ የአጥንት መሳሳት ይባላል።

ለእኚያ እናት ቁጥሩ ማስጠንቀቂያ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን ነገርኳቸው። ፕሬድኒሶሎን አጥንትን ያሳሳል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ለሕይወቱ ያሰጋል። የሚቀንሰው ሐኪም ብቻ ነው። ወደ ሐኪማቸው ተመለሱ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ አለንድሮኔትም ታዘዘላቸው። ይህ ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም አይፈቀድም። በረመዳን ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ያስተካክሉ።

በቤታችንም ብዙ ማድረግ እንችላለን። ቆጯችንን ከጎመንና ከአይብ ጋር እንብላ፤ በእግር እንሂድ፤ ተሸፍነን የምንወጣ እህቶች በግቢያችን ክንዳችንን ፀሐይ እናስነካ። የውዱእ ቦታውም ለእናቶቻችን የማያዳልጥና ብርሃን ያለው ይሁን። አንድ ስብራት ከመታከም አስቀድሞ መከላከል ይቀላልና።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።