ተንቀሳቃሽ የአናጺ ጠረጴዛና ገመዱ

እንደሚታወቀው፣ በ2017 ዓ.ም. በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በካዛንቺስ የተካሄደው መልሶ ማልማት ብዙዎችን ከሥፍራቸው አንቀሳቅሷል። ቦታ የሚቀይር አናጺ ክብ መጋዙንና መላጊያውን ባለጎማ ጠረጴዛ ላይ ቢገጥም ይጠቀማል። ይሁንና ጠረጴዛውን የሚከተለው ገመድ ሊታሰብበት ይገባል።

በ220 ቮልት መስመር 2200 ዋት የሚወስድ መጋዝ 10 አምፔር ይስባል። የ20 ሜትር፣ ባለ0.75 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በደርሶ መልስ 0.9 ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው 90 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። መላጊያውም እኩል ኮረንቲ እየሳበ አብሮ ቢሠራ ኮረንቲው እጥፍ፣ ሙቀቱ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። የተጠቀለለ ገመድ ልባሱ ይቀልጣል፤ ሰጋቱራውም ሊቀጣጠል ይችላል።

ባለ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በ10 አምፔር የሚያባክነው 28 ዋት ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ወፍራም ገመድ ይመረጥ፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ መሣሪያዎቹም በየተራ ይሥሩ።