ያለ ስሕተት የተማረው አሽከርካሪ

መኪና መንዳት የሚማር ሰው በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ገላጣ ሜዳ ነው። መሪው ከእጁ ቢያመልጥ የሚጎዳ ሰው የለምና። ተማሪው ኮምፒዩተር በሚሆንበት ጊዜ ግን መንገዱ ራሱ በኮምፒዩተር ውስጥ በሥዕል ይዘጋጅለታል። ይህም ምናባዊ መንገድ ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ ዝናቡ በተፈለገ ሰዓት ይዘንባል፤ ኳስ የሚያሳድድ ሕፃን በድንገት ይገባል፤ ፍሬን ሳይያዝ ቢቀርም ደም አይፈስም። በእውነተኛ ጎዳና ላይ እንዲህ ያለውን ልምምድ የሚደፍር ማንም የለም።

ከቀደምቶቹ ተማሪዎች አንዱ አልቪን የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ዲን ፖመርሎ ነበር። አልቪን የመንገዱን መልክ በካሜራ እየተቀበለ መሪው ወዴት መዞር እንዳለበት ይወስናል። በጊዜው በቂ የጎዳና ፎቶግራፍ መሰብሰብ አስቸጋሪ ስለነበረ መጀመሪያ የሠለጠነው ኮምፒዩተር በፈጠራቸው 1,200 የመንገድ ሥዕሎች ነው። ከዚያም በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በዛፎች መካከል በሚያልፍ 400 ሜትር መንገድ ላይ መኪና ነዳ። ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ስለነበረ ማንኛውም እግረኛ ይቀድመው ነበር።

ቆየት ብሎ አልቪን ሰው ሲነዳ እያየ እንዲማር ተደረገ። አስገራሚው ነገር ችግሩ የመጣው ከአሽከርካሪው ጉብዝና መሆኑ ነው። ሰውየው ከመንገዱ መካከል ፈቀቅ ስለማይል፣ አልቪን መኪናው ወደ ዳር ሲያዘነብል እንዴት እንደሚመለስ የሚያይበት ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ ተመራማሪው የካሜራውን ሥዕል በኮምፒዩተር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዛወረ፣ መኪናው ከመሥመር የወጣ አስመስሎ ትክክለኛውን መልስ አስተማረው። እውነተኛው መንገድ ያላሳየውን ስሕተት የሐሰቱ ሥዕል አሳየው።

ዛሬ ሥራው እጅግ ሰፍቷል። ዌይሞ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ መኪኖቹ በእውነተኛ ጎዳና 20 ሚሊዮን ማይል፣ በምናባዊ መንገድ ደግሞ 15 ቢሊዮን ማይል መጓዛቸውን አስታውቋል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ሆኖም አዘጋጁ ያላሰበው እግረኛ በምናባዊ መንገድ ላይ ብቅ አይልም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2018 በአሪዞና፣ በቴምፒ ከተማ፣ በሙከራ ላይ የነበረች ራሷን የምትነዳ መኪና ብስክሌት እየገፋች በሌሊት መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭታ ገደለች። ለጥንቃቄ የተቀመጠችው አሽከርካሪ መንገዱን አትመለከትም ነበር። መኪናዋ ሴትየዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ ቀደም ብላ አይታ ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ሌላ ነገር እያለች አመነታች። የመንግሥት መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ከእግረኛ መሻገሪያ ውጭ የሚያቋርጥ ሰው ይኖራል ተብሎ አልታሰበም።

መልመጃ
1. የአሽከርካሪው ጉብዝና ለአልቪን ትምህርት እንቅፋት የሆነው ለምንድን ነው?
2. በሠፈራችሁ ጎዳና ላይ ከሚታዩት ነገሮች የምናባዊ መንገድ አዘጋጅ ሊዘነጋቸው የሚችሉትን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
3. «ፈቀቅ አለ»፣ «አዘነበለ»፣ «አመነታ» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።