ቀስ ብሎ መውጣት፦ ከደንዲ ሐይቅ እስከ ሂማላያ

ሉክላና ደንዲ

ኔፓል ውስጥ ወደ ኤቨረስት ግርጌ በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ከካትማንዱ በትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ ሉክላ በምትባል ከተማ ይወርዳል። ሉክላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,860 ሜትር ገደማ ናት። ብዙ ሰው ከሩቅ አገር፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ የእግር ጉዞውን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከጊንጪ ከተማ ወጥቶ ደንዲ ሐይቅ ዳር የቆመ የምዕራብ ሸዋ ልጅም ከሞላ ጎደል እዚያው ከፍታ ላይ ቆሟል። የሐይቁ ወለል 2,836 ሜትር ሲሆን ዙሪያውን የከበበው የእሳተ ገሞራ ጠርዝ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአምቦ ሰው የሚያውቀው የሁሉቃ ወንዝም ከዚያ ነው የሚነሣው።

ስለ ሂማላያ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ስለ በረዶና ስለ ገደል ነው። በመሪ የሚደረግ የተራራ ጉዞ ግን አብዛኛው ክፍሉ ገመድም መዶሻም አይፈልግም። በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። ከባዱ ነገር አየሩ ነው፤ መሪ የሚያስፈልገውም በዋናነት ፍጥነቱን ለመወሰን ነው። ይህን ለመረዳት ኔፓል ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ደንዲ፣ ወንጪና ስሜን በቂ ናቸው።

ከፍታ ሰውነት ላይ የሚያደርገው

ኦክስጅን ከአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ በምዕራብ ሸዋዋ ባኮ ከተማም ሆነ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። አምቦ 2,100 ሜትር ላይ ስለሆነች ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛውን ያህል ነው። ራስ ዳሽን ላይ ከስድሳ በመቶ ዝቅ ይላል፤ 5,364 ሜትር ላይ ባለው የኤቨረስት ግርጌ ካምፕ ግማሽ ገደማ ይሆናል፤ 8,849 ሜትር ላይ ባለው ጫፍ ደግሞ ሲሶው ብቻ ይቀራል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ውሃው ተጠጥቶ ያለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደንዲ ጠርዝ ላይ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። አምቦ ስትደርሱ አውጡት፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልጨመቀውም፤ ውስጡ የታሸገው የላይኛው ሳሳ ያለ አየር የታችኛውን ግፊት መመከት ስላቃተው ነው።

ሰውነት ለዚህ ለውጥ የሚሰጠው መልስ ደረጃ አለው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። በቀጣዮቹ ቀናት ኩላሊት የደሙን ኬሚካላዊ ሚዛን አስተካክሎ ትንፋሹ ሌሊትም ጭምር ጠለቅ እንዲል ይፈቅዳል። የቀይ ደም ሕዋስ መጨመር ሳምንታት የሚወስድ ሥራ ነው። የተራራ ሕመም የሚመጣው መንገደኛው ከዚህ ሥራ ቀድሞ ሲሮጥ ነው።

ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። እኩለ ቀን ላይ ከፍታው ላይ የደረሰ ሰው እየሳቀ ፎቶ ሲነሣ ይውላል። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና እንቅልፍ ማጣቱ የሚጀምረው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» የሚል የከሰዓት መንገደኛ የሚታመን ምስክር አይደለም።

የመኝታ ከፍታ

ከ2,500 ሜትር በላይ ሕመሙ ሊያጋጥም ይችላል። ሐኪሞች የሚሰጡት የጥንቃቄ ልክ ግልጽ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን አንዱ ሌሊት ከሌላው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አይታደርም፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን ሳይጨምሩ ማረፍ ይገባል። የሚቆጠረው የሚታደርበት ቦታ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ተጉዞ ሌሊት ዝቅ ብሎ መተኛት ሰውነትን ያለማምዳል።

የስሜን ተራሮች መንገድ ይህን ሕግ መሬቱ ራሱ የጻፈው ይመስለኛል። መንገደኛው ከጎንደር ወደ ደባርቅ መጥቶ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገብና የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ያድራል። በማግሥቱ ግጭ ነው፤ 3,600 ሜትር። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ ላይ ወጥቶ ከ3,926 ሜትር ቁልቁል ገደሉን አይቶ፣ 3,620 ሜትር ወዳለው ጨነቅ ይወርዳል። በአራተኛው ቀን 4,430 ሜትር ገደማ የሆነውን ቧሂትን አቋርጦ እንደገና እስከ አምቢቆ፣ 3,200 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ 4,533 ሜትር የሆነውን ራስ ዳሽንን ወጥቶ ያው አምቢቆ ይመለሳል። አስተውሉ፦ ከ4,500 ሜትር በላይ የወጣው ሰው አንድም ሌሊት ከ3,620 ሜትር በላይ አልተኛም። ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለትና አቀበት ነው ሳንባውን የጠበቀለት።

ሂማላያ እንዲህ አይደለም። የኤቨረስት መንገድ ሸለቆውን ተከትሎ በአብዛኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ መኝታውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ያሉ መሪዎች መውረድ የማይሰጣቸውን በዕረፍት ያካክሱታል፦ ናምቼ ባዛር (3,440 ሜትር) ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ (4,410 ሜትር) ሌላ ሁለት ሌሊት። ቀን ቀን ከመንደሩ በላይ ወጣ ብለው ይመለሳሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ የዕረፍት ቀን የሚሰርዝ አስጎብኚ ደንበኛውን አደጋ ላይ እየጣለ ነው። ጉዞ የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት የሌሊቶቹን ከፍታ ጠይቁና ልዩነታቸውን በወረቀት ላይ አስሉ።

መሪው ምሽት ላይ የሚያየው

ስሜን ውስጥ የሚጓዝ ቡድን ብቻውን አይሄድም። ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ ስካውት አለ፣ ጋይድ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ፣ በቅሎና ጭነኛ አለ። ኔፓልም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የውጭ አገር መንገደኞች በመሪ እንዲሄዱ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች።

ጎበዝ ጋይድ ቀን ላይ የወፍና የቅጠል ስም ይናገራል፤ ጭላዳውን፣ ጅብራውን፣ ከዕድል ጋር ዋሊያውንም ያሳያል። ትልቁ ሥራው ግን የሚጀምረው ካምፕ ከተገባ በኋላ ነው። ራት ሲቀርብ ሳህኑን ያያል፤ ቀኑን ሙሉ ሲራመድ የዋለ ሰው ሾርባውን ነካ አድርጎ ከተወው አንድ ነገር አለ። ጫማውን ለመፍታት ብዙ ጊዜ የፈጀውን፣ ከጨዋታው ወጥቶ ዝም ያለውን፣ ወደ መጸዳጃ ሲሄድ እግሩን የሚጎትተውን ያያል። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ሲል ከልቡ ነው፤ መልሱ «ራሴን አመመኝ» ከሆነ የዚያን ቀን ጉዞ ሊለውጠው ይችላል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። የተጠረጠረውን ሰው ተረከዙን ከሌላው እግሩ አውራ ጣት እያስነካ ቀጥ ባለ መስመር ላይ እንዲራመድ ይጠይቁታል። የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ወይም ንግግሩ የተምታታ ከሆነ፣ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ እያለ የሚያለከልክና የሚያስለው ደግሞ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ፤ የሁለቱም ቀዳሚ መድኃኒት መውረድ ነው። እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ በቅሎ ይጫናል፣ ፋኖስ ይበራል፣ ቁልቁል ይኬዳል። ቀላሉ ሕመም ሲሆን ግን ባሉበት ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ሕመሙ እስኪለቅ ከፍ አለማለት ይበቃል። አሴታዞላሚድ የሚባለው ኪኒን ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል፤ ሐኪም ሳያማክሩ ግን አይወሰድም፤ ወደ ላይ ለመቸኮልም ፈቃድ አይሰጥም።

«እኔ ደገኛ ነኝ»

ይህን አባባል ከልጆች አዘውትሬ እሰማዋለሁ፤ ግማሽ እውነት አለው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ስሜን ውስጥ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባይጨምርም ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። የአምባራስ ሰዎች ግን በሁለቱም ልክ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም ሳይለዩ ተገኙ። ዓለም የማያውቀው ሦስተኛ መንገድ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ባሌ ውስጥ በከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢናቸው ስሜን ውስጥ ከሚኖሩት አማራዎች ከፍ እንደሚል አሳይተዋል፤ ስለዚህ «ደገኛ» ተብሎ የሚጠቀለል አንድ ዓይነት ደም የለም።

በከፍታ መኖር ጥንታዊ ነው። ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በምትባል ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ሰዎች ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይኖሩባት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አስረድቷል። ምግባቸው በብዛት የአካባቢው ትልቁ ፍልፈል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ባኮ ያደገውን ተማሪ አይጠቅመውም፤ ባኮ 1,650 ሜትር ናት። የአምቦውም ልጅ ቢሆን 2,100 ሜትር ላይ መኖሩ የመጀመሪያውን ቀን ያቀልለታል እንጂ 4,000 ሜትር ላይ ዋስትና አይሆነውም። ጉልበትና ስፖርትም አያድኑም። እንዲያውም ጉልበታሙ ወጣት ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ይታመማል፤ ስለሚያፍር ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ቡድን ውስጥ ሕመምን መናገር የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ መሪው ገና ሲነሡ መናገር ያለበት ለዚህ ነው።

ወንጪና ደንዲ፦ የእኛ መለማመጃ

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንጪ ሌላ ትምህርት አለው። ተራራ ሲወጣ ድካሙ መጀመሪያ ነው፤ ወንጪ ላይ ግን ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ መውረድ ይቀድማል። ሰው በእንሰት ማሳው መካከል እየተጫወተ ይወርዳል፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ደሴት ይሻገራል፣ ፍል ውሃውን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ምሳው ባለቀበት ሆዱ፣ አቀበቱን ይጋፈጣል። ለመውረጃው ከፈጀው ሁለት እጥፍ ጊዜ ለመውጫው መያዝ አለበት። አገሬው ፈረስ የሚያከራየውም በአብዛኛው ለዚህ አቀበት ነው።

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ በገበታ ለሀገር የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለምቷል። መንገዱ መሠራቱ መልካም ነው። የሚያሳስበኝ ግን በመኪና መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ የሚገባው እንግዳ ለባለ ፈረሱና ለቀዛፊው የሚተወው ጥቂት መሆኑ ነው። ገንዘብ ለመንደሩ የሚተርፈው እንግዳው ሲራመድና ሲያድር ነው። የስሜን በቅሎ ነጂ ኑሮ የቆመው መንገዱ አምስት ቀን ስለሚወስድ ነው። ደንዲንና ወንጪን በእግር የሚያገናኝ፣ በየመካከሉ ገበሬ ቤት የሚታደርበት የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉዞ ቢዘረጋ፣ የጊንጪና የአምቦ ወጣት ጋይድነትን እንደ ሙያ ሊይዘው ይችላል። መልክዓ ምድሩ አለ፣ ከፍታው አለ፤ የሚቀረው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና፣ ቋንቋና የተራ አደረጃጀት ነው።

ሰላምን ማጣራት ከሁሉ ይቀድማል። በሰሜን የተደረገው ጦርነትና በኋላ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የስሜንን ጋይዶችና ጭነኞች ከሥራ አስተጓጉሏል፤ ኦሮሚያም ውስጥ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከመነሣት በፊት ለአካባቢው ሰው ስልክ መደወል የጉዞው አካል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ስሜን ላይ ውሃ ይጋግራል። ስለዚህ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር የሚለበስ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንትና ደረቅ ካልሲ ይያዝ። አዲስ ጫማ አድርጎ መውጣት እግርን ማላጥ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አምቦ ውስጥ ይራመዱበት። ለስንቅ በሶና ቆሎ የሚያህል የለም፤ ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ በሶ ተበጥብጦ መጠጣቱ ብቻ ያዋጣል። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ግን በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ይቅሩ።

ለመጀመሪያው ልምምድ ደንዲ ሂዱ። ደንዲ እንደ ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ስላልሆነ ስካውት የሚመድብላችሁ የለም፤ መንገዱን የሚያውቅ የሰፈሩን ሰው ከፍላችሁ ያዙ። አርብ ማታ ጊንጪ እደሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታችሁ ሐይቁ ዳር ምሳ ብሉ፣ ከሰዓት ጠርዙን ውጡና ውረዱ፣ ማታ ከጠርዙ በታች ድንኳን ትከሉ። እሑድ ጠዋት ከቁርስ በፊት እያንዳንዳችሁ ሦስት ነገር በደብተር ጻፉ፦ ራስ ምታት ነበረ ወይ፣ ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ራታችሁን ጨረሳችሁ ወይ። አንድ ቀን ወደ ስሜን ሄዳችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ጋይዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ አድራችሁ እንደሆነና እንዴት እንዳደራችሁ ነው፤ ደብተሩን ስጡት።