የሞቀ ወንዝ ትምህርት፦ ስሞልማውዝ ባስን በበጋ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ

ሐምሌና ነሐሴ በአገራችን ወንዞች ሞልተውና ደፍርሰው የሚፈሱባቸው የክረምት ወራት ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ግን እነዚሁ ወራት የበጋው እምብርት ናቸው። ወንዞች ይጎድላሉ፤ ውኃው ይጠራል፤ ይሞቃልም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ በኩል የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝም በዚህ ወቅት በላይኛው ክፍሉ ዓለቱን አሳይቶ በዝግታ ይፈሳል። ስሞልማውዝ ባስ የተባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምዱ ሰዎች ወደ ወንዙ የሚወርዱት በዚህ ጊዜ ነው።

ዓሣው የት ይገኛል? መቼ ይበላል? አጥማጁስ መቼ ሊተወው ይገባል? የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ በአመዛኙ ከአንድ የተፈጥሮ ሕግ ይመነጫል፤ ይኸውም ውኃ ሲሞቅ በውስጡ የሚሟሟው ኦክስጅን መቀነሱ ነው።

ዓሣው ማን ነው?

ስሞልማውዝ ባስ ማለት «ባለ ትንሽ አፍ ባስ» ማለት ነው። ከቅርብ ዘመዱ ከባለ ትልቅ አፉ ባስ የሚለየው የላይኛው መንጋጋው ከዓይኑ ወደ ኋላ ባለማለፉ ነው። መልኩ የነሐስ ቀለም ያለው ሲሆን በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች ይታዩበታል። ሳይንሳዊ ስሙን ሚክሮፕተረስ ዶሎሚዩ እ.ኤ.አ. በ1802 የሰጠው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ ነው።

የሚያስገርመው፣ ዓሣው ለፖቶማክ ባዕድ መሆኑ ነው። የትውልድ ስፍራው የታላላቅ ሐይቆች፣ የኦሃዮና የላይኛው ሚሲሲፒ ተፋሰሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 ዊሊያም ሽራይቨር የተባለ ሰው ጥቂት ዓሦችን ከዊሊንግ ወደ ከምበርላንድ በባቡር አመጣ። ዓሦቹን ያስገባው በተበሳሳ የቆርቆሮ ባልዲ ሲሆን፣ ባልዲውን ያኖረው በባቡሩ የውኃ ማጠራቀሚያ አፍ ላይ ነበር። ማጠራቀሚያው በየጣቢያው አዲስ ውኃ ይሞላ ስለነበር ዓሦቹ በሕይወት ደረሱ። ዓሦቹን ያተረፋቸው በየጣቢያው ከአዲሱ ውኃ ጋር የሚገባው ኦክስጅን ነበር።

የሙቀትና የኦክስጅን ሂሳብ

በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር አየር 280 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በአንጻሩ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በአንድ ሊትር ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ከአየር ገብቶ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን 9.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣ የሚተነፍስበት ዓለም ከእኛ 30 ጊዜ ያህል የደኸየ ነው። ውኃው 10 ዲግሪ ሲሆን መጠኑ ወደ 11.3 ከፍ ይላል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 7.6 ይወርዳል። አንባቢ ይህን በቤቱ ሊመለከት ይችላል። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥቃቅን አረፋዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያያል። እነዚህ ውኃው ሲሞቅ ሟሙተው መቆየት ያልቻሉ ጋዞች ናቸው።

የዓሣ የሰውነት ሙቀት ደግሞ የውኃውን ሙቀት ይከተላል። በጥቅሉ የውኃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ውኃው ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ አቅርቦቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ፍላጎቱ ግን በእጥፍ ያድጋል። ስሞልማውዝ ባስ ከትራውት ይልቅ ሙቀትን ይችላል። ሆኖም ከዚህ ሂሳብ ነፃ አይደለም።

ቦታውና ሰዓቱ

ውኃ በዓለት ላይ እየተሰባበረ በሚወርድበት ስፍራ ከአየር ጋር የሚነካካው ገጽታ ይሰፋል፤ ኦክስጅንም ይገባል። በበጋ አጥማጁ ፏፏቴ መሰል ጅረቶችንና ከሥራቸው ያሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች የሚፈልገው ስለዚህ ነው። ዓሣው ከዓለት ጀርባ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ይቆማል። በዚያ ጉልበት ሳያባክን የሚወርድለትን ምግብ ይጠብቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ ነገሩ ጥቂት የተወሳሰበ ነው። ውኃው እጅግ የሚቀዘቅዘው ንጋት ላይ ነው። ይሁን እንጂ የውኃ ዕፅዋትና አልጌዎች ቀን በብርሃን አስተፃምሮ ኦክስጅን ሲሰጡ ሌሊት ግን ይወስዳሉ። በመሆኑም አልጌ በበዛበት ዝግተኛ ውኃ ኦክስጅን ዝቅተኛ የሚሆነው ጎሕ ሲቀድ ነው። በንጋት የሚወጣ አጥማጅ ከረጋው ውኃ ይልቅ ወደሚንኮሻኮሸው ቢሄድ ይሻለዋል።

ዝንቡና ክሩ

ሰው ሠራሽ ዝንብ ማለት በመንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞበት የተሠራ የነፍሳት ወይም የሌላ የውኃ እንስሳ አምሳያ ነው። ክብደቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ብቻውን እንደ ድንጋይ ሊወረወር አይችልም። የሚወረወረው ክሩ ነው። ለዚህ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከሚመረጡት አንዱ የሆነው የቁጥር 7 ክር፣ የመጀመሪያው 9 ሜትር ገደማ 12 ግራም ይመዝናል። ዘንጉ ጉልበቱን ለክሩ ያስተላልፋል፤ ክሩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድም ጉልበቱ ዝንቡ ዘንድ ይደርሳል።

ዝንቡ የዓሣውን ምግብ መምሰል አለበት። በቀን የዓሣው ተመራጭ ምግብ ከድንጋይ ሥር የሚኖረው ክሬይፊሽ ነው። ይህ እንስሳ ሲሸሽ በጅራቱ እየቀዘፈ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ስለሆነም አምሳያው በወንዙ ወለል ላይ በአጫጭር ጉተታ ይሳባል። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ምሽቶች ደግሞ ኤፎሮን የተባለ ነጭ ዝንብ በብዛት ከውኃው ይወጣል፤ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ዕድሜው የሰዓታት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዓሣው ዓይኑን ወደ ላይ ያዞራል፤ ተንሳፋፊ ዝንብም ይሠራል።

ማቆም የሚገባው መቼ ነው?

በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ የሚታገለው ያለ ኦክስጅን ለአጭር ጊዜ መሥራት በሚችሉት ነጫጭ ጡንቻዎቹ ነው። በዚህ ጊዜ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። ዓሣው ከተለቀቀ በኋላ ይህን ዕዳ በኦክስጅን መክፈል አለበት፤ ውኃው በሞቀ መጠንም መክፈያው ይጠፋዋል። ደህና መስሎ የዋኘ ዓሣ ቆይቶ ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጎረቤቱ በሰስኩሃና ወንዝ የደረሰው ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጋ በዚያ ወንዝ ብዙ የዓመቱ ግልገል ባሶች አለቁ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ዋነኛ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ ያላቸው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንና ጥገኛ ሕዋሳትን፣ እንዲሁም የሆርሞን ሥርዓትን የሚያውኩ ኬሚካሎችን ነው። የፔንሲልቬኒያ የዓሣና የጀልባ ኮሚሽንም ከ2011 ጀምሮ በወንዙ ሰፊ ክፍል የተያዘ ባስ ወዲያውኑ እንዲለቀቅ ደነገገ። በሽታና ብክለት ባዳከሙት ዓሣ ላይ የመንጠቆ ትግል ሲጨመር ሸክሙ ይከብዳል።

ስለዚህ አጥማጅ ከዝንቡ ሣጥን ጋር ቴርሞሜትር መያዝ ይገባዋል። ጠንካራ ጫፍ ክር ተጠቅሞ ትግሉን ያሳጥር፤ የመንጠቆውን መልሶ የሚይዝ ጥርስ በጉጠት ይደፍጥጥ፤ ዓሣውን በእርጥብ እጅ ይንካ፤ ስንጥቡንም ከውኃ አያርቅ። ውኃው ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ሲቃረብ ደግሞ ዘንጉን አጣጥፎ ቢመለስ ይበጃል። ዓሣው ከጅረቱ ሥር መሸሸጉን የነገረው ያው ሂሳብ የዕለቱ ጨዋታ ማብቃቱንም ይነግረዋልና።