ምዕራፍ ሰባት፦ የመጀመሪያ ሥራ ለማን ይታያል?

ግጥም መጻፍ ወይም ሥዕል መሣል የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ በሁለት ምክሮች መካከል ይወጠራል። አንዱ ወዳጁ «ምን ትፈራለህ? ዛሬውኑ ቴሌግራም ላይ ልቀቀው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ሳይበስል አታውጣው፤ መሣቂያ ትሆናለህ» ይለዋል። ሁለቱም ከእውነት አልራቁም። ሥራውን የደበቀ ጀማሪ ስሕተቱን የሚነግረው አያገኝም፤ በጥሬው ያወጣ ደግሞ በአንድ ቀን ፌዝ ብዕሩን ሊጥል ይችላል። ሁለቱ መካሪዎች የዘለሉት ጥያቄ ግን አለ፦ ለማን ነው የሚታየው?

ይህን ጥያቄ አስቀድመው አስበውበት መልሱን ሥርዓት ያደረጉት የቅኔ መምህራን ናቸው።

የቅኔ ቤት ደረጃዎች

በደቡብ ጎንደር በወገዳ ከተማ ዙሪያ ያለው አገር፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ የአብነት ትምህርት ሥር የሰደደበት ነው። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ከየአገሩ ተነሥቶ የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን የዜማ ትምህርት የሚፈልግም ወደ ዙር አባ ያቀናል። የዜማ ተማሪ ቀድሞ የተደረሰውን ሳያዛንፍ ይቀበላል። የቅኔ ተማሪ ግን ከራሱ አፍልቆ አዲስ ነገር ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የጀማሪ ፍርሃት ጎልቶ የሚታየው ቅኔ ቤት ነው።

ተማሪው ቀን ቀን ደበሎውን ለብሶ ከሰው ራቅ ይልና ከዛፍ ጥላ ሥር ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ አለው። ሁለት ቤት ቢበላሽ የሚባክነው የአንድ ቀን ድካም ነው፤ በማግስቱ ሌላ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል።

የቆጠረውንም ይዞ አያድርም። መጀመሪያ ከእሱ ቀደም ላለው ተማሪ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል። ቀጥሎ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ልኩ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ሰሙና ወርቁ አልገጥም ያለውን ያቃናሉ፤ የማይድነውን «ሌላ ቁጠር» ብለው ይመልሱታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጓደኞቹ እየሰሙ ነው። በበዓል ቀን በማኅሌት ላይ ቆሞ ለሕዝብ መቀኘት ግን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቅኔ ቤት ጀማሪውን «ደብቅ» አላለውም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አፉን ያስከፍተዋል። «ለሁሉ ንገር» ግን አላለውም። ሰሚው የሚበዛው ሥራው በጎለመሰ መጠን ነው።

አደባባይ የሚሰጠው

አንዳንድ ነገር ግን ከመምህር አይገኝም። ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በንጉሡ ኢዮቤልዩ በዓል ውድድር ሥራውን አቅርቦ ሁለተኛ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን ሄደ። በኋላ በ1964 እ.ኤ.አ. የሣለው አንድ ሥዕል ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ጸጋዬ ሲነሣ የምናስታውሰው የተረጎመውን ኦቴሎንና «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን ነው እንጂ የአምቦውን ተውኔት አይደለም። የመጀመሪያ ሥራ ሊቆይ አይጠበቅበትም፤ ለሚቀጥለው በር ከከፈተ ድርሻውን ተወጥቷል። ሁለቱ ወጣቶች የቀረቡት ግን ለተማሪና ለጀማሪ ቦታ ባለው መድረክ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ነቀፋ ሲመጣ

የመጀመሪያው አድማጭ ያለው ሁሉ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ከፎገራ ናበጋ የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና አዲሱን የአቋቋም (የማኅሌት ዝማሜ) ስልት ሲያቀርቡ በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ወዲያው አልተወደደላቸውም ይባላል። እሳቸው ግን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ስልቱ ደብረ ታቦር ላይ ሥር ሰድዶ እስከ ዛሬ በልጁ ስም «የተክሌ» እየተባለ ይዘመማል። በ1885 እ.ኤ.አ. ቫን ጎግ «ድንች በላተኞች» የተባለውን ሥራውን በኅትመት አባዝቶ ለሠዓሊ ወዳጁ ለቫን ራፓርድ ቢልክለት ወዳጁ ክፉኛ ነቀፈው፤ ወዳጅነታቸውም በዚሁ ሻከረ። ሥዕሉ ዛሬ አምስተርዳም በሠዓሊው ስም በተሰየመው ሙዚየም ተሰቅሏል።

ይህ ማለት ነቃፊ ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። «አልወደድኩትም» ያለውንና «ሁለተኛው ቤት ልኩ ጎድሏል» ያለውን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስለ ራሱ ስሜት ነገራችሁ፤ ሁለተኛው ስለ ሥራችሁ። የሚታረመው በሁለተኛው ነው።

ስልክ አይረሳም

ቅኔ ቤት ለጀማሪው ሌላም ምሕረት አለው። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልም፤ ለየበዓሉ አዲስ ይፈልቃል። የዛሬው ድካም በዛሬው ያልቃል። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ የተለቀቀ ግን ባለቤቱ እንኳ ቢያጠፋው ሌላ ሰው አስቀርቶት ሊሆን ይችላል። ጀማሪ አስቀድሞ በቃል የሚቀርብበትን መድረክ ቢመርጥ የሚሻለው ስለዚህ ነው፦ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የኪነት ክበብ፣ ወይም የግጥም ንባብ ምሽት።

በተግባር

1. በትንሹ ጀምሩ። ከረጅም ልብ ወለድ በፊት አንድ ገጽ፣ ከትልቅ ሸራ በፊት በእርሳስ የተነደፈ አንድ ፊት።

2. አስነጋሪ ፈልጉ። ሊቅ መሆን የለበትም፤ ከእናንተ ጥቂት የቀደመና ያየውን ሳይሸነግል የሚናገር ይበቃል። እናት አባት ስለሚሳሱ ለዚህ አይመቹም።

3. «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናል። «የቱ ጋ ሰለቸህ? የቱስ አልገባህም?» በሉ።

4. ያረማችሁትን ለዚያው ሰው መልሳችሁ አሳዩ። መሻሻሉን የሚያውቀው የቀድሞውን ያየው ነው።

5. ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ጉድለት ከነገሯችሁ ሳትከራከሩ አስተካክሉ። ሦስቱም ሦስት ነገር ካሉ ግን ለልባችሁ አድሉ።

6. ለአደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት ቀጣዩን ሥራ ጀምሩ። እጁ ላይ ሌላ ሥራ ያለው ሰው በአንዱ መነቀፍ አይሰበርም፤ በአንዱ መወደስም አይታበይም።