ልጅዎ ከመሬት ሲነሳ እንዴት ነው የሚነሳው?

«ዶክተር፣ ልጄ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ካልሲየም ሽሮፕ ልጀምርለት?» የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ ይደርሰኛል። እኛ አገር የልጅ እግር ሲደክም ቀድሞ የሚታሰበው ሪኬትስ ነው። ልክ ነው፣ ብዙ ሕፃናት ፀሐይ አያገኙም። ወንድ ልጅ ከሆነ ግን ዱሼን የሚባለውም መታሰብ አለበት። በዘር የሚተላለፍ፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ ነው። ካልሲየም አይፈታውም።

ዱሼን ያለበት ልጅ ሰውነቱ ዲስትሮፊን የሚባለውን ፕሮቲን አይሠራም። ይህ ፕሮቲን ከሌለ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይጎዳል፤ ቆይቶም በስብና በጠባሳ ይተካል። ሲወለድ ምንም ላይታይ ይችላል። እስከ 18 ወር አለመሄድ፣ ደረጃ መውጣት ማቃት፣ በእግር ጣት መራመድ፣ እንደ ዳክዬ መወዛወዝ፣ አንዳንዴም ንግግር መዘግየት አለው። ባቱ ደግሞ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ዘመድ አይቶ «ይሄማ ኳስ ተጫዋች ነው!» ይላል፤ ልጁ ግን መሮጥ አይችልም።

እስቲ ቤት ውስጥ ይህን ሞክሩ። 3 ዓመት ያለፈውን ልጅ መሬት ላይ አስቀምጡትና ተነስ በሉት። ጤነኛው ብድግ ይላል። ዱሼን ያለበት መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆናል፣ ቂጡን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እየተደገፈ ቀና ይላል። የጋወርስ ምልክት እንለዋለን። በስልካችሁ ቅረጹትና ለሐኪሙ አሳዩት፤ ልጅ ሐኪም ፊት አልነሳም ብሎ ያለቅሳል፣ ቪዲዮው ግን አይዋሽም።

ቀጥሎ ሲፒኬ የሚባል የደም ምርመራ ነው። ጤነኛ ልጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ብዙም የማይርቀው ቁጥር፣ ዱሼን ላይ በሺዎች፣ ብዙ ጊዜም ከ10,000 በላይ ይሆናል። አንድ ወጥመድ አለ፤ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ጡንቻ ውስጥም ስላሉ አብረው ይጨምራሉ። «የጉበት ችግር ነው» ተብሎ ወራት በጉበት ምርመራ ሊያልፍ ይችላል። ልጁ የሚወድቅ ከሆነና ጉበቱ ጨመረ ከተባላችሁ፣ «ሲፒኬ ይታይልን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከፍ ካለ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ያየዋል፣ ማረጋገጫው የዘረመል ምርመራ ነው።

ለምን እንቸኩላለን? ስቴሮይድ በሐኪም ክትትል በጊዜው ከተጀመረ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል፤ ያለ ሕክምና አብዛኞቹ 13 ዓመት ሳይሞላቸው መራመድ ያቆማሉ። ሁለተኛው ምክንያት እናትየው ናት። ዘረመሉ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ተሸካሚ ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመያዝ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ከማርገዟ በፊት ብታውቅ ይሻላል። (አማቶች ልብ በሉ፤ ከ3 ልጆች በ1ዱ ገደማ ለውጡ አዲስ የተፈጠረ ነው፣ እናት ተሸካሚም አይደለችም። ብትሆንም ጥፋቷ አይደለም።)

በሽታው የተረጋገጠለት ልጅ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው፣ ቶንሲልም ቢሆን፣ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው መድኃኒት ለእነዚህ ልጆች ልብ የሚያቆም ሊሆን ይችላል።