«ሸፈነ» እና ዘመዶቹ

ባለፈው ክረምት በኮልፌ ቀራንዮ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች እንግሊዝኛ ስናስጠና፣ «ከቨር» የሚለው ግሥ የገባባቸውን 5 ዐረፍተ ነገሮች ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ሰጠናቸው። አንዲት ተማሪ አምስቱንም «ሸፈነ» ብላ መለሰቻቸው። «ጣሪያውን በቆርቆሮ ሸፈነው፤ ግድግዳውን በጭቃ ሸፈነው፤ ረመጡን በአመድ ሸፈነችው» እያለች ስታነብ ክፍሉ ሳቀ። እኛም አስተማሪዎቹ አብረን ሳቅን። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀመጠች፤ በሚቀጥለው እሑድም አልመጣችም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግሥና ስለዚያ ሳቅ ነው።

በመጀመሪያ የልጅቷ መልስ ጨርሶ ስሕተት አልነበረም። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲኑ «ኮኦፔሪሬ» ተነሥቶ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ብዙ ሥራ ብቻውን ይሠራል። በእኛ ቋንቋ ግን ሥራው ለብዙ ግሦች ተከፋፍሏል። ከእነዚህ ሰፊው «ሸፈነ» ነው፤ ደመና ሰማይን፣ ጨርቅ ጠረጴዛን ይሸፍናል። ዛሬ ደግሞ ወጪም ይሸፈናል፤ የዜና ሽፋንም አለ።

የቀሩት ግሦች የሚለዩት ምን በምን እንደሚሸፈን በማየት ነው። ለምሳሌ ያህል በሰፈራችን ያለውን የጭቃ ቤት እንመልከት። ጣሪያው በቆርቆሮ ይከደናል፤ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይለሰናል፤ መስኮቱም በመጋረጃ ይጋረዳል። አንድ ቤት አራት ግሥ ፈጀ ማለት ነው። «ከደነ» አፍ ላለው ወይም ላዩ ክፍት ለሆነ ነገር ይስማማል፤ ድስት፣ እንስራና መሶብ ይከደናሉ፤ ዓይንም ይከደናል። አስከሬን ይገነዛል፤ እንጨት በወርቅ ይለበጣል። ከልብ ያልሆነውን ሳቅ «የለበጣ ሳቅ» የምንለውም ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ስለሆነ ነው።

በሁለተኛው እሑድ ልጅቷ ስትቀር ወደ ቤቷ ሄድን። መሽቶ ስለነበር እናቷ ምድጃው አጠገብ ነበሩ። «ግቡ ልጆቼ፤ ይቺን ረመጥ ላዳፍናትና ቡና ባይኖርም ውኃ ትጠጣላችሁ» አሉን። ልጅቷ ከጓዳ ሆና፣ «ሦስተኛው ጥያቄ ይኼ ነበር፤ አዳፈነች ነው የሚባለው» አለች። እኛም ይቅርታ ጠየቅናት።

ከዚያ ምሽት አንድ ትምህርት አገኘን። ጉድጓድ የሚደፈነው እንዳይከፈት ነው፤ እሳት የሚዳፈነው ግን ነገ ተቆስቁሶ እንዲነድ ነው። ግሦቹ የፊደል ጎረቤቶች ሲሆኑ አሳባቸው ይራራቃል። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ከተሞችም ቃጠሎ እንዳይነሣ ማታ ደወል ሲደወል እሳት ይዳፈን ነበር። እንግሊዞች «ከርፊው» የሚሉት፣ እኛ «ሰዓት እላፊ» የምንለው ቃል ምንጩ ይኸው ነው፤ በፈረንሳይኛ «እሳት ሸፍን» ማለት ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያለፉትን ሌሊቶች ወላጆቻችን በሰዓት እላፊነቱ ያስታውሷቸዋል፤ የቃሉ ሥር ግን የአንዲት እናት የምድጃ ሥራ ነው።

«ዲስከቨር» ማለትም ክዳኑን ማንሣት፣ መግለጥ ነው። ነገር ግን መልክ እንዳያታልለን እንጠንቀቅ። «ሪከቨር» የተባለው ቃል ከ«ከቨር» ጋር ቢመሳሰልም ሥሩ ሌላ ነው፤ መልሶ ማግኘት ማለት ነው። በእኛም ዘንድ «ክዳን» እና «ኪዳን» እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው መክደኛ፣ ሁለተኛው ውል ነው።

አማርኛ ግሥን በመደጋገም ትርጉሙን ይለውጣል። «ቆረጠ» «ቆራረጠ» እንደሚሆን ሁሉ «ሸፈነ» «ሸፋፈነ» ይሆናል። ስለ ጥፋት ሲነገር ግን «ጉዳዩን ሸፋፈኑት» ማለት እውነቱ እንዳይታወቅ አደረጉ ማለት ነው። በግዕዝ ደግሞ «ከደነ» ማልበስን፣ ኃጢአትንም ይቅር ማለትን ይጨምራል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ሴምና ያፌት ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ፊታቸውንም አዙረው የአባታቸውን ዕራቁትነት የከደኑበትን ታሪክ ሁላችንም ተምረነዋል። አይቶ በውጭ ያወራው ካም ነበር። በዚያች እሑድ እኛ ከማን ወገን እንደነበርን መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ልዩነቱን አጥብቀን እንያዝ። የሌላውን ድካም ስለ እርሱ ክብር ብንሸፍን ከደንን ማለት ነው፤ የራሳችንን ጥፋት ስለ ራሳችን ስም ብንሸፍን ግን ሸፋፈንን። ልጅቷ በተመለሰች ጊዜ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጥፋቱ የእኛ እንደነበረ የተናገርነው ስለዚህ ነው። ከዚያም ሦስተኛውን ጥያቄ ለጓደኞቿ እርሷ አስረዳቻቸው።

ለመለማመጃ ይሆናችሁ ዘንድ በቤታችሁ የሚሸፈኑትን ነገሮች ቆጥራችሁ፣ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ግሥ ጻፉ። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ለግዕዙም በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፍ መመልከት ይጠቅማል። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን እናቶቻችሁን ጠይቁ። እኛ የረሳነውን ግሥ ያገኘ ቢኖር በሚመጣው እሑድ ያምጣልን፤ የተሳሳተም ቢሆን ማንም አይስቅበትም።